የፊደል መጠንና የአንባቢ ዐይን
ከሐይቅ እስጢፋኖስ ብራና እስከ ኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ

በትምህርት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከጧት እስከ ማታ ፊደል ያያል። የፊደሉ መጠን ንባቡን ምን ያህል እንደሚያቀናለት ወይም እንደሚያውክበት ቆም ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። መጽሐፉ ሲያደክመው ጥፋቱን በዐይኑ ወይም በስንፍናው ላይ ይጥላል እንጂ፣ ፊደሉ አንሶበት እንደሆነ አይጠይቅም። ዛሬ በእጅ ስልክ ወይም በተለምዶ ኢ-ሪደር በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ የሚያነብ ተማሪ የፊደሉን መጠን በገዛ ጣቱ ሊለውጥ ይችላል። ይህ ሥልጣን ቀድሞ የጸሐፊውና የማተሚያ ቤቱ ነበረ።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለንባብ የሚመች የፊደል መጠን በምን እንደሚወሰን፤ ሁለተኛ፣ የእኛ ፊደል በዚህ ረገድ ምን ልዩ ጠባይ እንዳለው፤ ሦስተኛ፣ በማንበቢያው ላይ መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከልና ማስተካከሉ ስለምን አንዳንዴ እንደማይሳካ ነው። ምሳሌያችንን ከሩቅ አገር ከመፈለግ ይልቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው፣ በቀድሞው የአምባሰል አውራጃ ካለው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንጀምራለን።

1. የብራና ጸሐፊ መጠንን እንዴት ይወስን ነበር?

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ካደራጁ በኋላ፣ ቦታው የታወቀ የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ሆነ። በገዳሙ ከታወቁት መጻሕፍት አንዱ በ1273 ዓ.ም. (1280/81 እ.ኤ.አ.) የተጻፈው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ሲሆን፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓም ሥዕል ይገኝበታል። የዚያ ዘመን ጽሕፈት ቀጥ ብሎ የቆመና ማዕዘኑ የጎላ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ተለይቶ ይታያል።

ብራና ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምረው በመጻፍ አይደለም። አስቀድሞ የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይበሳና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያሰምራል። በገጹ ላይ ስንት መሥመር እንደሚገባ በዚህ ጊዜ ስለሚቈረጥ፣ የፊደሉ ቁመትም አብሮ ይቈረጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አንባቢ፣ ዐይኑ ቢደክምም ባይደክምም፣ የተሰጠውን መጠን ተቀብሎ ማንበብ ነው።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው መጠኑን በዘፈቀደ አይመርጥም ነበር። በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ቆመው የሚያነቡት ወንጌል ሰፊ ገጽና ጉልህ ጽሕፈት ይሰጠዋል። በማኅደር ገብቶ በትከሻ የሚንጠለጠለው፣ ባለቤቱ በእጁ ይዞ የሚደግመው ዳዊት ግን በትንሽ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። በአሁኑ አነጋገር፣ ጸሐፊው አስቀድሞ የንባቡን ርቀት ያስብ ነበር ማለት ነው።

ዳዊት ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። እንደ ልማዱ የዳዊት ስንኝ እያንዳንዱ በአንድ መሥመር ይቀመጣል። ስንኙ ረዝሞ ከመሥመሩ ሲተርፍ፣ ጸሐፊው ወይ ፊደሉን ያሳንሳል፣ ወይ ትርፉን ከመሥመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ይጽፈዋል። የፊደል መጠንና የመሥመር ርዝመት የተሳሰሩ መሆናቸው ከዚህ ይታያል፤ አንዱን የነካ ሌላውንም መንካቱ አይቀርም። ይህንን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ዐይን የሚለካው ምንድን ነው?

አንድ ፊደል ለዐይን ትልቅ ወይም ትንሽ የሚሆነው በሚሊሜትር ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ቁመቱ ለርቀቱ ሲካፈል በሚገኘው አንግል ነው። ቁመቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ፊደል በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲታይ፣ 1.5 ሚሊሜትር የሆነው በ30 ሴንቲ ሜትር፣ 4 ሚሊሜትር የሆነውም በ80 ሴንቲ ሜትር ሲታይ፣ ሦስቱም በዐይን ውስጥ የሚጥሉት ምስል እኩል ነው። በአትሮንስ ላይ ያለው ወንጌልና በእጅ ያለው ዳዊት በመጠን ቢለያዩም ለአንባቢያቸው ሊመሳሰሉ የሚችሉት ስለዚህ ነው።

የሆላንዱ የዐይን ሐኪም ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዐይን መመርመሪያ ሰሌዳ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በዚያ ሰሌዳ ጤነኛ የሚባለው ዐይን 5 የአንግል ደቂቃ የሆነ ፊደል መለየት አለበት። ይህ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲሰላ 0.6 ሚሊሜትር ያህል ቁመት ይሆናል። ነገር ግን መለየት ሌላ፣ ማንበብ ሌላ ነው። በጭንቅ የሚለየውን ፊደል አንድ ሰዓት ሙሉ ማንበብ የሚችል የለም። አንባቢ ሳይቸገር እንዲሄድ ፊደሉ ለመለየት ከሚበቃው መጠን ቢያንስ ሁለት እጥፍ ያህል መሆን ይኖርበታል። ከዚህ በታች ሲወርድ የንባቡ ፍጥነት ቶሎ ይወድቃል። ከዚህ በላይ ሲወጣ ግን መጠኑ ከልክ እስካላለፈ ድረስ ፍጥነቱ ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ማሳነስ የሚያስከትለው ጉዳት ጥቂት ከማብዛት ይልቅ የከፋ ነው።

ዕድሜም አለበት። ሰው 40 ዓመት ገደማ ሲሞላው የዐይኑ ሌንስ እንደ ቀድሞው ቅርጹን እየለወጠ ቅርቡን ነገር ማጥራት ይሳነዋል። ያን ጊዜ መጽሐፉን ከፊቱ እያራቀ ይይዛል። ሲያርቀው ምስሉ ቢጠራም አንግሉ ያንሳል፤ ፊደሉም ያጥርበታል። መነጽር የሌለው አባት ወይም እናት «ንባብ ተውኩ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ ላይ ነው። ፊደሉ እጥፍ ቢሆንላቸው ግን ብዙዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ሊያነቡ ይችላሉ።

3. የእኛ ፊደል ልዩ ጠባይ

በላቲን ጽሕፈት አናባቢው ራሱን ችሎ በሙሉ መጠኑ ይጻፋል። በእኛ ጽሕፈት ግን አናባቢው በፊደሉ ጎን፣ እግር ወይም ራስ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ምልክት ነው። ካዕቡ በወገቡ ቅጥያ፣ ሣልሱ በእግሩ ሰረዝ፣ ኃምሱ በእግሩ ቀለበት ይለያል። ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ምልክት ነው፤ ግንዱ ግን ይታያል። ስለዚህ አንባቢው ያነበበ ይመስለዋል፣ ያነበበው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

«መሬቱ» እና «መሬቴ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንመልከት። ልዩነታቸው በ«ተ» ጎንና እግር ላይ ያለ ምልክት ብቻ ነው፤ በውል ላይ ሲገኙ ግን ባለርስቱን ይለውጣሉ። «ልጁ» እና «ልጄ»ም እንደዚሁ ናቸው። በላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለእኛ ፊደል ሁልጊዜ ይበቃል ብሎ መውሰድ ስለዚህ አይገባም። ማንበቢያው ከፋብሪካው ሲወጣ የተቀመጠለት መጠን ለላቲን ጽሕፈት ታስቦ ሊሆን ስለሚችል፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ቢያደርገው ይጠቀማል።

4. ማንበቢያው የሠራው ለውጥ

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም በታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ፊደል ሲታተም በነበረበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ አዲስ መጠን ለመጨመር ከ200 በላይ የሆኑትን ፊደላት በሙሉ እንደገና ማስቀረጽና ማስፈሰስ ያስፈልግ ነበር። አንባቢው ከታተመው መጠን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

የኮምፒዩተር ፊደል ይህንን ወጪ አስቀረ። የፊደሉ ቅርጽ በሒሳብ መሥመር ስለሚገለጽ በማናቸውም መጠን ሊሣል ይችላል። ከዚህም ሌላ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል አካቶ ለእያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር ሰጠው። ከዚያ በፊት አንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው ማንበብ ይሳነው ነበር። ዛሬ ግን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በተጫነበት በማናቸውም መሣሪያ ይነበባል። ቅርጹ ካልተጫነ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ይታያል፤ ይህም የመጠን ጉድለት ስላልሆነ በማሳደግ አይድንም።

የማንበቢያው ገጽ ራሱ ከስልክ ይለያል። ሶኒ በ2004፣ አማዞንም በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጧቸው ማንበቢያዎች በኤሌክትሮኒክ ቀለም የሚሠሩ ናቸው። በገጹ ውስጥ ባሉ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ብናኝ አለ፤ ኤሌክትሪክ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይስበዋል። ገጹ እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን ስለሚመልስ በሐይቅ ዳር በቀትር ፀሐይ ቢከፈትም ይነበባል። የስልክ ገጽ ግን በዚያ ሰዓት ይደበዝዛል፤ አንባቢውም ጥፋቱን በፊደሉ መጠን ላይ ያደርገዋል።

አሁን ከላይ ወዳቆየነው የመሥመር ነገር እንመለስ። አንድ ጽሑፍ በማንበቢያ ውስጥ በሁለት ዐይነት ሊቀመጥ ይችላል። በመጀመሪያው ዐይነት፣ ኢፐብ በሚባለው ለምሳሌ፣ የሚቀመጠው የፊደላቱ ተራ ነው። አንባቢው መጠኑን ሲያሳድግ መሣሪያው መሥመሩን እንደ አዲስ ያሰምራል፤ የተረፈው ቃል ወደሚቀጥለው መሥመር ይወርዳል፣ የገጹም ቍጥር ይጨምራል። በሁለተኛው ዐይነት፣ ብዙ ጊዜ በፒዲኤፍ እንደሚሆነው፣ ገጹ እንደ ተሰመረ ብራና የጸና ነው። ሲያሳድጉት ፊደሉ ከነገጹ ያድግና የመሥመሩ ጫፍ ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል። አንባቢው በየመሥመሩ ገጹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲጎትት ሐሳቡ ይበተናል። በፎቶግራፍ የተነሣ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራ የሐይቁን ወንጌል በቍጥር 1832 መዝግቦታል። ይህ ምስል ለተመራማሪ እጅግ ውድ ነው፤ ነገር ግን ምስል በመሆኑ መሥመሩን ለደካማ ዐይን እንደገና ማሰመር አይቻልም።

5. መጠኑን ለማስተካከል

ከላይ ከተባለው ተነሥተን ለአንባቢ የሚከተለውን እናመለክታለን።

በመጀመሪያ፣ ማንበቢያውን ዘወትር በሚያነቡበት ርቀት መያዝ ይገባል፤ ፊደሉ ሲያንስ ሳያውቁት ወደ ፊት ማስጠጋት ልማድ ነውና። ቀጥሎ መጠኑን ከሚያስፈልገው በላይ ማሳደግ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እያወረዱ «ቱ» እና «ቴ»፣ «ሊ» እና «ሌ» ያለ ጥረት በሚለዩበት የመጨረሻ ደረጃ ላይ መቆም ነው። ለጥንቃቄም ከዚያ አንድ ደረጃ መጨመር ይበጃል። በአንዱ መሣሪያ «5» የተባለው መጠን በሌላው ከ«5» ጋር እኩል ስላልሆነ፣ ሁለት መሣሪያ የሚያወዳድር ሰው ፊደሉን በማስመሪያ ይለካ።

ከዚህ በኋላ መሥመሩን መመልከት ያስፈልጋል። ተራው ማንበቢያ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው የአማርኛ ቃል ደግሞ ረጅም ነው፤ «እንደሚያስፈልጋቸው» ብቻውን 11 ፊደል ይወስዳል። አንድ ፊደል 5 ሚሊሜትር ስፋት ቢይዝ በመሥመሩ ላይ ከ18 ያልበለጠ ፊደል ይቀመጣል። ብራና ጸሐፊ ቃሉን በፈለገበት ቦታ ቈርጦ ወደ ታች ያወርድ ነበር፤ መሣሪያው ግን ቃሉን በሙሉ ስለሚያወርድ ሰፊ ባዶ ይተዋል። ስለዚህ ፊደል ሲያድግ ኅዳጉን ማጥበብ፣ ቀኙን ጠርዝ እኩል የሚያደርገውን ትእዛዝ መተው፣ በመሥመርና በመሥመር መካከልም ጥቂት ማስፋት ይበጃል። በመጨረሻም ዐይን በደከመበት በማታ ሰዓት እንደገና መሞከር ነው።

6. ማሳደግ የማያድነው

ፊደል ማሳደግ ሕክምና አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። በ2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር፣ 3.7 በመቶውም እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዐይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዐይን ሞራ የመጣ ነበር። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የእይታ ጉድለትም በመነጽር ይቃናል። መጠኑን በየወሩ የሚጨምር አንባቢ፣ ወይም አንዱ ዐይኑ ከሌላው የደበዘዘበት ሰው፣ ወደ ዐይን ሐኪም ሊሄድ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፍ አንድ ሥራ አለ። የአገራችንን መጽሐፍ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን ስንለዋወጥ ለወጣት ዐይን እናስብና የሽማግሌውን እንረሳለን። የክፍል ማስታወሻም ሆነ ከሐይቅና ከአምባሰል የምንሰበስበው ታሪክ በዩኒኮድ ፊደል ተጽፎ፣ መሥመሩ በሚለወጥ ዐይነት ቢቀመጥ፣ የተረከልን አባት ራሱ የነገረንን መልሶ ሊያነበው ይችላል። ምስሉም አብሮ ይቀመጥ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። አንድ ገጽ ለመጻፍ የሚጠፋው ጊዜ ከፎቶግራፉ የበለጠ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ጥናታችንን የምናስረክበው ለአንባቢ እስከ ሆነ ድረስ፣ አንባቢው ሊያየው በሚችለው መጠን ማስረከብ የሥራው አንድ ክፍል ነው እንላለን።