ያውቁ ኖሯል? የማይመለስ ገንዘብ

በመስከረም 1978 ዓ.ም. ርዕደ መሬት ሜክሲኮ ሲቲን ሲያፈርሳት፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ልኮላት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ዘመኑን ልብ ይበሉ፤ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ገና አልለቀቀንም፣ ዓለም ስንዴ እየጫነ የሚልከው ወደኛ ነበር። ነገሩ የውለታ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ወረራውን ከተቃወሙት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አላት፤ ሜክሲኮ ሲቲም «ኤቲዮፒያ» የተባለ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ።

«ድጎማ» በሕገ መንግሥታችን ውስጥ ያለ ቃል ነው። አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7ን ይመልከቱ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው ግን ሌላው ምክር ቤት፣ የሕዝብ ተወካዮቹ። አንዱ ይጋግራል፣ ሌላው ይቆርሳል። ገንዘቡ «ጥቅል ድጎማ» የተባለውም ክልሉ ለትምህርት ይሁን ለመንገድ ራሱ ስለሚደለድለው ነው።

የነዳጅ ድጎማው ለማን ይደርስ እንደነበር አስልተው ያውቃሉ? መንግሥት በየሊትሩ ሲደጉም፣ ብዙ ሊትር የቀዳ ብዙ ተደጎመ። ላንድክሩዘሩን ሙሉ የሚያስሞላው ሰው፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ ከሚሄደው ይልቅ ብዙ ሲደጎም ኖሯል ማለት ነው። «የታለመለት ድጎማ» የመጣው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር እየከፈሉ የዋጋው ልዩነት እንዲታሰብላቸው ሲደረግ፣ ለሌላው ድጎማው ደረጃ በደረጃ ተነሳ። ስሙ ትንሽ ያስቃል። የቀድሞው ለማን ታልሞ ነበር?

ኢራን እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የነዳጅና የዳቦ ዋጋ ስትጨምር፣ ማካካሻውን ቀድማ በየቤተሰቡ የባንክ ሂሳብ አስገብታ ነበር። ሰው ገንዘቡን ያየዋል፣ ግን ዋጋው እስኪጨምር ድረስ ማውጣት አይችልም።

ግብፃውያን ዳቦን «ዐይሽ» ይሉታል፤ ሕይወት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1977 ፕሬዚዳንት ሳዳት ከምግብ ድጎማው ሲቀንሱ ሕዝቡ ከካይሮ እስከ እስክንድርያ ተነሳ፤ ውሳኔው በሁለት ቀን ውስጥ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ የዳቦን ዋጋ መንካት ለግብፅ መሪዎች እሳት መንካት ሆነ። የድጎማው ዳቦ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 5 ፒያስተር እንደሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ 20 ፒያስተር የገባው ገና በሰኔ 2024 ነው። ከዚያ በፊት ዋጋው ባይነካም ዳቦው ራሱ ተነክቷል፤ በ2020 ከ110 ግራም ወደ 90 ወረደ። ይህቺን ዘዴ የሰፈራችን ዳቦ ቤትም አያጣትም።

አሁን የምንነግርዎትን ግን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ብራዚል «አሜሪካ ለጥጥ ገበሬዎቿ የምትሰጠው ድጎማ የዓለምን ዋጋ እያወረደ ጎዳኝ» ብላ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች፤ ረታችም። አሜሪካ ድጎማውን አቆመች? የለም። በ2010 ተስማምታ፣ ለብራዚል የጥጥ ዘርፍ በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ትከፍል ጀመር። የራሷን ገበሬ ለመደጎም የሰውን ገበሬ ደጎመች! ጉዳዩ የተዘጋው በ2014፣ ሌላ 300 ሚሊዮን ዶላር ከተከፈለ በኋላ ነው። በዚያው ድጎማ ተጎዳን ያሉት ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊም በ2003 ለዚያው ድርጅት አቤት ብለው ነበር። እነሱ ግን እንዲህ ያለ ካሳ አላገኙም።

ኒውዚላንድ የእርሻ ድጎማዋን መንቀል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ1982 ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው በጓ ዛሬ ከግማሽ በታች ነው፤ ብዙ ገበሬ ወደ ወተት ዞረ።

የዓለም ባንክ የድሃ አገሮች ክንፍ፣ ብድር ይስጥ ወይስ እርዳታ የሚለውን በትራፊክ መብራት ይለያል። የዕዳ ጫናው ለከበደበት አገር «ቀይ» ይበራል። በመንገድ ላይ ቀይ ያስቆማል፤ እዚህ ግን ቀይ የበራለት ነው የማይመለሰውን ገንዘብ የሚያገኘው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ከጸደቀው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 1 ቢሊዮኑ እርዳታ፣ 500 ሚሊዮኑ ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ነበር።

የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የከተማው እስኪመጣ አሥር ዓመት አልፏል። በከተማው ሴፍቲኔት ታቅፈው ማለዳ መንገድ ከሚጠርጉት እናቶች ክፍያ 20 በመቶው እጃቸው አይገባም፤ በስማቸው ይቆጠባል፣ ኋላ ለመቋቋሚያ እንዲሆን።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው «ቤቴን በገንዘቤ ገዛሁ» ቢል አይዋሽም፤ ግን ሁሉንም አልከፈለም። መሬቱ አልታሰበበትም። ደግሞ ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ፣ በገበያ ዋጋ ሲሸጡ፣ ትርፉ የላይኛውን ፎቅ ዋጋ እንዲያቀል ታስቦ ነበር። ሱቁን በውድ የገዛው ነጋዴ ሳያውቀው ጎረቤቱን ደጉሟል።

እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረው የፉልብራይት የትምህርት ዕድል የመነሻ ገንዘቡን ያገኘው፣ አሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአገሩ ጥላው ከመጣችው ትርፍ ንብረት ሽያጭ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ «ፔል ግራንት»ን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲቋቋም ስሙ ሌላ ነበር፤ በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም የተጠራው በ1980 ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ዜግነት ብቻ አይጠይቅም፤ ግሪን ካርድ ያለውም፣ በስደተኝነት የተቀበሉትም ይገባዋል። «ፋፍሳ» የሚሉትን ቅጽ ያልሞላ ግን አንድ ዶላር አያገኝም። እና በየዓመቱ፣ ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ይጮኻል፤ «አባዬ፣ የታክስ ወረቀቱን የት አደረግከው?»