ውሻውን የሚዳስሰው ማን ነው?

«ዶክተር፣ እስከ ትናንት ደህና ነበር እኮ።»

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሠፈር ውስጥ በምሠራባት ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ የዚህን ያህል የምሰማው ቃል የለም። በአማርኛም በስዋሂሊም ተነግሮኛል። የሚናገሩት ሰዎች አይዋሹም። ትናንት ማታ መኪናቸው ሲገባ ውሻቸው ጅራቱን እየቆላ ተቀብሏቸዋል፤ ሌሊትም ኮሽታ ሲሰማ ጮኋል። ጠዋት ግን መነሣት አቅቶት አገኙት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል የኖረው ለሰው ነው። ውሻ ደግሞ በሽታውን መደበቅ ተፈጥሮው ነው፤ ደሙ እያለቀ እንኳ በር ይጠብቃል።

ሻምበል የመጣው በሚያዝያ፣ ናይሮቢ በረጅሙ ዝናብ በራሰችበት ሰሞን ነው። የአራት ዓመት ጀርመን ሼፐርድ ነው። ባለቤቱ በሠፈሩ ለብዙ ዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። ውሻውን አቅፎ ያስገባው ዘበኛቸው ነበር። «ምን ሆነ እትዬ?» ስላቸው «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ ቀንሷል፤ ዝናቡ ይሆናል ብዬ ነበር» አሉኝ። ዘበኛው ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስዋሂሊ አንድ ነገር ተናገረ፤ የሻምበል ሽንት ከሦስት ቀን ወዲህ «ካማ ካሃዋ»፣ እንደ ቡና ሆኗል። ይህን እስከዚያች ደቂቃ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

የሻምበልን ከንፈር ገለጥ አደረግሁ። ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ትኩሳቱ 40.6 ዲግሪ ደርሷል፤ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ግድም ነው። ከጆሮው ጫፍ አንዲት የደም ጠብታ ወስጄ በመስታወት ላይ ዘርግቼ፣ አቅልሜ በማይክሮስኮፕ አየኋት። በቀይ የደም ሕዋሶቹ ውስጥ የእንባ ጠብታ የሚመስሉ ነገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል። ባቤሲያ ነው።

«መዥገር እኮ የለበትም! ጀርባውን ዐይቼዋለሁ» አሉ እትዬ። እውነታቸውን ነው፤ ጀርባው ላይ አልነበረም። አንዱን ከጆሮው ውስጥ፣ ሁለቱን ከፊት እግሩ ጣቶች መካከል አወጣሁ። አንደኛዋ ደም ጠጥታ የጉሎ ፍሬ አክላለች።

ባቤሲያ የተባለው ጥገኛ በመዥገር ምራቅ ይገባል፤ በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ተባዝቶ ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣና ወደ ሌላው ይገባል። የውሻው መከላከያ ኃይልም ተደናግጦ የታመመውን ከጤነኛው ሳይለይ መፍጀት ይጀምራል። ሽንቱን ቡና የሚያስመስለው ከፈረሱት ሕዋሶች የወጣው የደም ቀለም ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የሚገኘው ባቤሲያ ሮሲ የሚባለው ዝርያ በውሻ ላይ ከሚመጡት ባቤሲያዎች ሁሉ የከፋው ነው፤ ጠዋት የተኛን ውሻ ማታ ሊገድለው ይችላል።

መዥገር የሚያስተላልፈው ሌላው በሽታ ኤርሊኪያ ነው። በትክክለኛ ምድቡ ባክቴሪያ ቢሆንም መንገዱ ያው ስለሆነ ለይቼው አላወራም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአልጄሪያ ውሾች ላይ ነው መጀመሪያ የታወቀው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ጦር ውሾችን ሲፈጅ ዓለም ክፋቱን ተረዳ፤ ከሞቱት የሚበዙት እንደ ሻምበል ጀርመን ሼፐርድ ነበሩ። ተንኮሉ ትዕግሥቱ ላይ ነው። ለጥቂት ቀናት ትኩሳት ያመጣል፤ ውሻው የዳነ ይመስላል፤ በሽታው ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ውስጡ ተደብቆ ቆይቶ የአጥንት መቅኔውን ያደርቀዋል። ያን ጊዜ ያለ ምክንያት የሚነስረው ውሻ ይዘውልኝ ይመጣሉ። በጊዜ ከተደረሰበት ዶክሲሳይክሊን በተባለው ርካሽ መድኃኒት ለ4 ሳምንት ታክሞ ይድናል።

ስለዚህ ጉዳይ በለሆሳስ የማልናገርበት ምክንያት አለኝ። ከቢሾፍቱ ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው ቡናማ ውሻ ይዞልኝ መጣ። ደከም ብሎታል፣ ትኩስም ነው። ሰውነቱን ላይ ላዩን ዳሰስኩት፤ መዥገር አላገኘሁም። የትኩሳት ማስታገሻና ቫይታሚን ወግቼ «ሰኞ አምጣው» ብዬ ሸኘሁት። ሰኞ የመጣው ሰውየው ብቻውን ነበር። አልወቀሰኝም፤ የመጣው የቀረበትን ሒሳብ ሊከፍል ነው። ከጆሮ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ለማየት 10 ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ ትኩሳት ያለው ውሻ መዥገር ኖረበትም አልኖረበትም ደሙን ሳላይ ከጠረጴዛዬ አይወርድም።

ኪሊማኒ በስዋሂሊ «ኮረብታው ላይ» ማለት ነው። ሠፈሩ ቀድሞ አትክልት የሞላባቸው ግቢዎች ነበሩት፤ አሁን በየቦታው ፎቅ በቅሎባቸዋል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ደንበኞቼ «እዚህ ምን መዥገር ይመጣል?» ይሉኛል። ቡናማው የውሻ መዥገር ግን ሣር የግድ አይለውም። በግድግዳ ስንጥቅ፣ በምንጣፍ ሥር፣ በውሻው አልጋ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ሙሉ ዕድሜውን ቤት ውስጥ ይጨርሳል። አንዷ እንስት በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ውሻው ላይ ሁለት መዥገር ካያችሁ የሚበዙት ቤታችሁ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ውሻውን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ ነው፤ አልጋው በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ የቤቱ ስንጥቅና ጥግ ይጸዳል።

ከመዥገር የበለጠ ድምፁ የማይሰማ ሌላ ጥገኛ አለ፤ እሱ ደግሞ ከእኛው ማዕድ ይነሣል። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ በግ ይታረዳል። አራጁ ሳንባውን ወይም ጉበቱን ገልጦ ሲያየው ውሃ ቋጥሯል። ሰው አይበላውም፤ «ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። በአዲስ አበባም በአማራ ገጠርም ያደግን ሁሉ ይህን ዐይተናል። በዚያ የውሃ ቋጠሮ ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ የኢኪኖኮከስ ትል ጭንቅላቶች አሉ። ውሻው ሆድ ውስጥ ገብተው ያድጋሉ። እንደ ኮሶ ትል በሰገራው ላይ አይታዩም፤ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ውሻውን አያሳምሙትም። ከ6 እስከ 7 ሳምንት በኋላ እንቁላላቸው ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ በእጅ፣ በጎመን፣ በውሃ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ቋጠሮ ሆኖ ለዓመታት ቀስ እያለ ያብጣል።

ከኪሊማኒ ወደ ሰሜን ርቀን ስንሄድ፣ ኬንያ ከእኛ አገር ጋር በምትዋሰንበት ቱርካና፣ በሰው ላይ ያለው የዚህ በሽታ መጠን በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ድንበር ተሻግሮም በደቡብ ኦሞ በኛንጋቶም አርብቶ አደሮች ዘንድ በአልትራሳውንድ ታይቷል። የጤና ድርጅቱ አምሬፍ እ.ኤ.አ. በ1983 በቱርካና የጀመረው የቁጥጥር ሥራ ሰዎችን እየመረመረና እያከመ፣ ለውሾቹ የትል መድኃኒቱን ፕራዚኳንቴል ይሰጥ ነበር። ለዘመናት የኖረ በሽታን ለመቀነስ ሐኪሞች መጀመሪያ ውሻውን መያዝ ነበረባቸው። እኛ ደግሞ በግቢያችን የምናደርገው ከዚያ ይቀላል፤ የተጣለውን ሳንባና ጉበት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። ለውሻ የሚሰጥ ሆድ ዕቃ ካለ ቢያንስ ለ40 ደቂቃ መቀቀል አለበት።

የቡችሎችን ነገር አናዘግይ። ወስፋት ገና በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ይገባባቸዋል፤ መንጠቆ ትልም በወተቷ ያልፋል። ሆዱ የተነፋ ቡችላ የጠገበ ስለሚመስል ያታልላል። የትል መድኃኒት በተወለዱ በ2 ሳምንታቸው ይጀመራል፤ እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይደገማል። እናትየውም አብራቸው ትወስዳለች። የወስፋት እንቁላል በሰው ላይ አደጋ ለመሆን አፈር ውስጥ 2 ሳምንት ግድም ይፈልጋል፤ ሰገራውን በየቀኑ ማንሣት ልጆቻችሁን የሚጠብቅበት ምክንያት ይህ ነው።

ከአግሮቬት ሱቅ ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት ገዝታችሁ በግምት አትስጡ። ለላም የተመጠነ የመዥገር መድኃኒት ውሻን ሊመርዝ ይችላል፤ አይቨርሜክቲን በብዛት ሲሰጥ እንደ ኮሊ ያሉ ዝርያዎችን ይገድላል። ለውሻ የተሠራ፣ በክብደቱ የተመጠነ እንክብል አለ፤ አንዱ ለወር፣ ሌላው ለ3 ወር ያህል መዥገርና ቁንጫን ይከላከላል። ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ መዥገር እስክታዩ አትጠብቁ።

ይህ ሁሉ መድኃኒት ግን አንድ ነገር አይተካም። ብዙዎቻችን ባደግንበት ልማድ ውሻ ደጅ ነው፤ እጅ አይነካውም። ያሳደገንን ልማድ አልነቅፍም። እጅ ግን ይታጠባል። ማንም ያልዳሰሰው ውሻ ጆሮው ውስጥ ያለውን መዥገር ማን ያውቅለታል? በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቡና በኋላ ቢሆን ጥሩ፣ ከጆሮው እስከ ጣቶቹ መካከል፣ ከብብቱ እስከ ጅራቱ ሥር ዳስሱት። መዥገር ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ላምባ አታፍስሱበት፣ በጥፍር አትጨፍልቁት። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁት፤ ነጩ ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ሮዝ ካልሆነ አትደሩ፣ አምጡት። ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከነሰረው፣ የዐይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነም እንዲሁ።

በእኔ በኩልም የለወጥኩት አንድ ነገር አለ። ከዚያ የሚያዝያ ቀን ወዲህ ለማንም ደንበኛ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የሕመሙ ነገር አይደለም። «የሚያበላው፣ የሚዳስሰው ማን ነው?» እላለሁ፤ ያ ሰው ደጅ ቆሞ ከሆነ ግባ እለዋለሁ።

ሻምበል የባቤሲያውን መርፌ ተወጋ፤ ከጎረቤት ውሻ ደም ተሰጠው፤ ሦስት ሌሊት እኛ ዘንድ አደረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለምርመራ ሲመጣ በራሱ እግር ደረጃውን ወጣ። እትዬ ስለ ምግቡ ሲነግሩኝ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ፣ እኔ ጓንቴን ሳላጠልቅ፣ የሻምበልን ከንፈር በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ገለጠልኝ። በየማታው ሥራ ሲገባ እንዲህ እንደሚያየው ነገረኝ። «አንጋሊያ፣ ዳክታሪ» አለኝ፤ ተመልከት ማለቱ ነው።

ተመለከትኩ። ድዱ ሮዝ ነበር።