ጦርነትን መቃወም፦ ሐሳቡ፣ ፈተናውና የአበርገሌ ጉዳይ

ፓሲፊዝም ጦርነትን የፖለቲካ ጥያቄ መፍቻ አድርጎ አለመቀበል ነው። ፍጹም የሆነው ወገን ሰው መግደል ራስን ለመከላከልም ቢሆን አይገባም ይላል፤ ቶልስቶይ በስተርጅናው ያስተማረው ይህንን ነበር። ለዘብ ያለው ወገን መግደል የሚገባበት ጊዜ ሊኖር እንደሚችል አይክድም፤ ሆኖም የዛሬ ጦርነት ከሚያቀናው የሚያፈርሰው ስለሚበልጥ ሊደገፍ አይችልም ባይ ነው።

ከእነዚህ ጎን የቆመው ሰላማዊ ትግል ነው፤ ዝምታ ወይም መገዛት ብሎ መተርጎም ግን ስህተት ነው። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በ2004 ዓ.ም. በእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) አመራርና በመንግሥት ጣልቃ ገብነት ላይ ያነሱት ተቃውሞ ለዚህ ምስክር ነው። ተቃውሞውን የወከለው ኮሚቴ አባላት ታስረው ረጅም ፍርድ ሲፈረድባቸውም እንቅስቃሴው ወደ ትጥቅ አልተሻገረም። ሰላማዊ ታጋይ ሕጉን ሲጥስ ቅጣቱን ይቀበላል፤ ጉዳቱን በሌላው ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ያደርጋል።

የፓሲፊዝምን ተቃዋሚዎች የሚያጠናክረው አንዱ ታሪክ ደግሞ የኢትዮጵያ ነው። ጦርነትን የሚያወግዘውን የ1928 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ስምምነት ጣሊያን ፈርማለች፤ ኢትዮጵያም ተቀብላለች። ሰባት ዓመት ቆይቶ የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ፤ ወራሪውን ሊያቆመው ይችል የነበረው ግን ነዳጁ ነበር። በወረራው ዘመን ዋግ ውስጥ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጠመንጃ አንሥተው ተዋግተው ሞቱ። እርሳቸውን ተሳስተዋል የሚል ሰው በዋግ አይገኝም፤ ሊገኝም አይገባም። ነገር ግን በ1935 እ.ኤ.አ. የወደቀው ሰላምን መውደድ ሳይሆን፣ የሚያስከብረው ኃይልም ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኝነትም ያልነበረው ቃል ነው።

ጦርነትን የመቃወም ጥያቄ አበርገሌ ላይ ቅርብና የሚያም ነው። በአማራ ክልል ያለው የዋግ ኽምራ አበርገሌና የትግራዩ ታንቋ አበርገሌ ስም የሚጋሩ፣ በጋብቻና በገበያ የተሳሰሩ ጎረቤቶች ናቸው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል የተቀሰቀሰው ጦርነት መሐላቸው ገባ። ከአበርገሌና ከጻግብጅ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣና ወለህ ተጠልለው ቆዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ተኩሱን አቆመ፤ የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ለወደፊት አቆየው። ተኩስ መቆሙና ተፈናቃይ ቀዬው መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የወለህ መጠለያ በግልጽ አሳይቷል።

የሰሜኑ ሕዝብ ጦርነትን በመርህ አይጠላም፤ ጀግናውን ያወድሳል። በጎረቤት መካከል የፈሰሰን ደም የሚያደርቅበት ሥርዓት ግን አለው። ገዳዩ ይሸሻል፤ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች በሁለቱ ቤተ ዘመድ መካከል ይመላለሳሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ጥፋተኛው ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል፤ መሐላ ይፈጸማል። ሥርዓቱ በቀልን የሚገታ ብርቱ ግድብ ነው፤ ብዙ ሕይወት የታደገውም እንዲህ ያለ አሠራር ነው። ፓሲፊዝምን የሚያስተምሩ ሰዎች ሊያጠኑት የሚገባም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ላለመግደል መወሰን የሚጸናው ቂምን የሚቀበልና የሚዳኝ አካል ሲኖር ብቻ ነው።

ችግሩ ሽምግልና የሚሠራው ገዳይ ሲታወቅ፣ ሟችም በስም ሲጠራ መሆኑ ላይ ነው። በጦር ሠራዊት ዘመቻ የጠፋ ሰው ደመኛው ማን እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም። መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ከክስ፣ ከእውነት ማፈላለግና ከካሳ ጋር ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓትንም አካትቷል። ለአበርገሌ ነዋሪ ፖሊሲው የሚመዘነው ትእዛዝ የሰጠውን አዛዥ በሽማግሌው ፊት ለማቆም በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው።