የራጅና የአልትራሳውንድ ወረፋ፦ ከሐይቅና ከአምባሰል ለሚመጣ ሕሙም



የዛሬው ንግግሬ በሆስፒታል የምስል ምርመራ ክፍሎች ውስጥ የሥራ ፍሰትን ስለ ማቀላጠፍ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ከዚያም ወደ አምባሰል ዘልቆ በውጫሌ ያልፋል። በአገራችን የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። ስለዚህ ከአምባሰል ደጋ የወረደ ሕሙም ምርመራውን በቅርቡ ካላገኘ ሪፈር ተጽፎለት ደሴ ይመጣል። ለእርሱ ትልቁ ጥያቄ ውጤቱን ይዞ ዛሬ ይመለሳል ወይስ ያድራል የሚለው ነው። ማደር የአልጋና የምግብ ወጪ አለው፤ አስታማሚም አብሮ ያድራል። ብሩ ያለቀበት ሳይመረመር ወደ ቀዬው ይመለሳል።

በወርኃዊ ሪፖርት ላይ የሚታየው ግን የተነሣው ራጅ ብዛት ነው። ራጁ የሚነሣው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ቀኑ የሚያልቀው በካርድ ክፍል፣ በገንዘብ መክፈያው መስኮትና ውጤቱን በሚያነብበው ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ አለ፦ በአንድ ክፍል በአማካይ የሚገኘው ሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ሰው በቆይታው ሰዓት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። በሰዓት 6 ሰው ገብቶ እያንዳንዱ 3 ሰዓት ቢቆይ ኮሪደሩ ላይ 18 ሰው ይኖራል፤ ቆይታው በግማሽ ቢቀንስ 9። ክፍሉን ማስፋት ሳያስፈልግ መጨናነቁ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሌላም ስሌት አለ። አንድ ምርመራ በአማካይ 10 ደቂቃ ቢፈጅ፣ የሰዉ አመጣጥም የምርመራውም ርዝመት በዘፈቀደ ቢለያይ፣ መሣሪያው የሰዓቱን ግማሽ ሲሠራ አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ነው፤ 80 በመቶ ሲሠራ 40፣ 90 በመቶ ሲሠራ 90 ደቂቃ ይሆናል። ከገጠር የሚመጡት መኪኖች ጠዋት ይገባሉ፤ የተኝቶ ታካሚዎች ጉብኝትም ጠዋት ያልቃል። ሁሉም ወረቀት በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከሆስፒታል ብዙ መሣሪያ ተዘርፏል። መሣሪያውን መተካት ግዴታ ነበር፤ ግን አዲስ መሣሪያም የድሮውን ወረፋ ይወርሳል።

አልትራሳውንድ ላይ ልቆይ። ለሐሞት ከረጢት ምርመራ 6 ሰዓት ያህል ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል፤ በሆድ ላይ ለሚደረግ የማህፀን ምርመራ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ፊኛን መሙላት። ይህን የሚያውቀው የምርመራ ክፍሉ ነው፤ ሕሙሟ የምትሰማው ግን ቁርሷን በልታ፣ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ ነው። «ነገ ነይ» ትባላለች። ማዘዣውን የሚጽፈው ሐኪም በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግራት ኖሮ ያ ቀን ባልባከነ ነበር።

ወሎ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ብዙ ሰው ሳይበላ ይውላል። የሐሞት ከረጢት ቀጠሮ በእነዚህ ወራት ከሰዓት በኋላ ቢሰጥ ሕሙሙ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፤ የቀዘቀዘው ሰዓትም ይሞላል። የስኳር ሕሙማን ግን ጠዋት ቀድመው ይታዩ። የማህፀን ምርመራው ይከብዳል፤ የጾመች ሴት ውኃ አትጠጣም። አስቸኳይ ካልሆነ ከጾሙ በኋላ ማድረግ፣ አስቸኳይ ከሆነ አስቀድሞ ማስረዳት እንጂ አግዳሚ ወንበር ላይ ማከራከር አይገባም። ይህን ከየትኛውም የውጭ አገር መመሪያ ላይ አላነበብኩትም።

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ዕቃ ማደራጀቱን ለምደናል፤ በኔ ግምት ሰዓት መመዝገቡን ችላ ብለናል። በማዘዣው ወረቀት ላይ አራት ሰዓቶች ይጻፉ፦ የታዘዘበት፣ የተከፈለበት፣ የተነሣበት፣ ውጤቱ ለሐኪሙ የደረሰበት። ከጎናቸው የመጣበት ቀበሌ ይጻፍ። ድንገተኛው ሕሙም ከሁሉ ይቅደም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ግን የደሴ ነዋሪና የአምባሰል ገበሬ ፊልም እኩል ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ የገበሬው ቀድሞ ይነበብ እላለሁ። አንዳንዶቻችሁ ይህ ፍትሐዊ አይደለም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ክርክሩን በጥያቄ ሰዓታችን እንቀጥለው።