በፊዚክስ ጨዋታ ውስጥ የሚጎብጥ ብርሃን፦ የጥቁር ጉድጓድን ሥዕል እንዴት እንፈትን?



እንደ ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ ባሉ የፊዚክስ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ጥቁር ጉድጓድን (ብላክ ሆልን) ከኮከቦች ፊት ሲያኖር፣ ከኋላው ያለው ሰማይ በዙሪያው ተዛብቶ ይታየዋል። የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በእንዲህ ያለው ሥዕል ውስጥ የትኛው ፊዚክስ፣ የትኛውስ ማስዋቢያ ነው? በቴሌስኮፕ የማየት ዕድል ያላገኘ ወጣት ጥቁር ጉድጓድን በአብዛኛው የሚያውቀው በእንዲህ ዓይነት ሥዕል ነውና ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም።

በአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ግዙፍ አካል በአጠገቡ የሚያልፈውን የብርሃን መንገድ ያጎብጣል። ማዕዘኑን በራዲያን ለማግኘት የጥቁር ጉድጓዱን ራዲየስ በሁለት አባዝተን፣ ጨረሩ ባይጎብጥ ኖሮ ከማዕከሉ በስንት ርቀት ያልፍ እንደነበር በሚገልጸው ቁጥር እናካፍላለን። ፀሐይ ጥቁር ጉድጓድ እስክትሆን ብትጨመቅ ራዲየሷ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ገጿን ታክኮ የሚያልፈው ጨረር ግን ከማዕከሏ 700,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ጉብጠቱ የአንድ ዲግሪ 2,000ኛ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በፀሐይ ግርዶሽ ወቅት በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚል ሶብራል የተደረገው ልኬት ይህን ደግፏል።

ይህ ስሌት ፈጣን በመሆኑ ለጨዋታ ይመቻል፤ የሚያገለግለው ግን ከጥቁር ጉድጓዱ ርቆ ለሚያልፍ ጨረር ነው። ርቀቱ የራዲየሱ 2.6 እጥፍ ያህል ሲሆን ቀላሉ ስሌት 44 ዲግሪ ይሰጠናል። በሙሉው ስሌት ግን ወደዚህ ወሰን የተጠጋ ጨረር ጉድጓዱን ደጋግሞ ይዞራል፤ ከወሰኑ በታች የገባውም ይዋጣል።

ትክክለኛው ዘዴ ከእያንዳንዱ ፒክስል ተነሥቶ ጨረሩን ወደ ኋላ፣ ከዓይን ወደ ሰማይ፣ እርምጃ በእርምጃ መከተል ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2 ሚሊዮን ያህል ፒክስሎች አሉት፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ከ120 ሚሊዮን በላይ ጨረሮችን መከተል ይጠይቃል። አንዳንድ ጨዋታ ሠሪዎች አቋራጭ መርጠው ተሠርቶ ያለቀውን ምስል ብቻ የሚያዛቡት ስለዚህ ነው።

አቋራጩን የሚያጋልጥ ፈተና አለ። ካሜራውን ከጥቁር ጉድጓዱ አቅራቢያ፣ በእርሱና በአንድ ደማቅ ኮከብ መካከል አኑሩት። ከጀርባችሁ ያለው የኮከቡ ብርሃን ጉድጓዱን ዞሮ ሊመለስ ስለሚችል፣ በጥቁሩ ጥላ ጠርዝ ላይ ቀጭንና ደብዛዛ ቀለበት ሊታይ ይገባል። አቋራጩ ግን በስክሪኑ ላይ ያልነበረውን ሊያመጣ አይችልም።

ሁለተኛው ፈተና ቀለም ነው። የተሰበሰብንበት ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ አልባ መልእክት ከሚያስተላልፍ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። የሬዲዮ ሞገድና ዓይናችን የሚያየው ብርሃን በባሕርይ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በሞገድ ርዝመት ነው፤ በባዶ ሕዋ ስበት ሁለቱንም እኩል ያጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የሜሲየር 87 ጥቁር ጉድጓድ ምስል የተገኘው በ1.3 ሚሊ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ ጨዋታው በመጉበጡ ብቻ ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና ከበተነ፣ ያ የመስተዋት እንጂ የስበት ጠባይ አይደለም።

አቋራጭ መጠቀም ነውር የለበትም፤ የት ድረስ እንደሚያደርስ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ጨዋታውን ስትከፍቱ እነዚህን ሁለት ፈተናዎች ራሳችሁ ሞክሯቸው።