የሚጥል በሽታና የሦስቱ ስፖርቶች ውድድር

ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን አከታትሎ የያዘ ውድድር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ ሲጀመር 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበረ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን ሊለማመድ ይችላልን? ሐኪሙን አማክሮ ይችላል እንላለን፤ ዳሩ ግን ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው።

ውድድሩ በውኃ ይጀመራል፤ ልምምዱ ግን በሩጫ ይጀመር። በየብስ የወደቀ ይነሣል፤ በውኃ ውስጥ ሕመሙ የጣለው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይሰጥማል። ስለዚህ በሽታው በመድኃኒት ሳይገታ አይዋኝ፤ ከተገታም በኋላ ሕመሙን የሚያውቅና ሰው ማዳን የሚችል ዋናተኛ ከአጠገቡ አይጥፋ። ብስክሌቱንም የራስ ቁር ደፍቶ፣ መኪና ከሚበዛበት መንገድ ርቆ ይንዳ። መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ስለሚቀሰቅሱ ለልምምድ ተብሎ እንቅልፍ አይቀነስ።

ሕመሙ ቢነሣ ክብሪት ማሽተት፣ በአፉም ማንኪያ ማስገባት አይገባም፤ በጎኑ አስተኝቶ መጠበቅ ነው። በውኃ ውስጥ ቢሆን መንቀጥቀጡ እስኪያበቃ ራሱን ከውኃው በላይ ደግፎ መያዝ ይገባል። ከ5 ደቂቃ ቢያልፍ ወይም በውኃ ውስጥ ቢደርስበት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

መምህራን ሆይ፤ እንዲህ ያለውን ተማሪ ከሜዳ አታስወጡት፤ በውኃ ዳር ግን ብቻውን አትተዉት።