የተቆለፈ ፎቶን የሚከፍት አፕ አለ?

«የተቆለፈ ፕሮፋይል እንከፍታለን» የሚል ማስታወቂያ በፌስቡክም በቴሌግራምም ይዘዋወራል። የሰውየውን ስም ካስገባችሁ ለጓደኞቹ ብቻ የፈቀደውን ፎቶ ታያላችሁ ይላል። ይህ ለምን እንደማይሆን ለመረዳት ፎቶው የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ይበቃል።

ፎቶው ያለው በፌስቡክ ሰርቨር ላይ እንጂ በተመልካቹ ስልክ ውስጥ ተደብቆ አይደለም። ገጹን ስንከፍት ስልካችን ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩም በየትኛው አካውንት እንደገባን አይቶ፣ የፎቶው ባለቤት ለማን እንደፈቀደ ያመሳክራል። ካልተፈቀደልን ፎቶውን ከነጭራሹ አይልከውም። ስለዚህ የገጹን ኮድ መጎርጎር ያልተላከ ፎቶ አያስገኝም። «ከፋች» የተባለው አፕም ለሰርቨሩ ያው እንግዳ ነው።

ታዲያ አፑ ምን ይሠራል? ብዙ ጊዜ «ማንነትዎን ያረጋግጡ» ብሎ ፌስቡክን የሚመስል ገጽ ይዘረጋል። ፓስወርዱን ያስገባ ሰው የሌላውን ፎቶ ሊያይ ሄዶ የራሱን አካውንት ያስረክባል።

ሰርቨር ግን አይሳሳትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ፣ የአንድን ሰው ፕሮፋይል ፎቶ «አግባብ ያልሆነ» ብሎ የጠቆመ ሰው ሌሎች የግል ፎቶዎቹን ጭምር የሚያይበት ክፍተት ተገኘ፤ የፌስቡክ መሥራች የማርክ ዙከርበርግ ፎቶዎች ሳይቀሩ ወጡ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ደግሞ ለ12 ቀናት በቆየ ስህተት እስከ 1,500 የሚደርሱ አፖች ካልተፈቀደላቸው ፎቶዎች ሊደርሱ ይችሉ ነበር፤ ችግሩ እስከ 6.8 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችን ሳይነካ አልቀረም። እነዚህ አፖች ግን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው «ፎቶዬን እይ» ብለው የፈቀዱላቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲታወቅ ይደፈናል፤ በማስታወቂያ እየተቸበቸበ ዓመታት አይዘልቅም።

ፎቶ ይበልጥ የሚያመልጠው በሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የማርክ እህት ራንዲ ዙከርበርግ ለወዳጆቿ ብላ የለጠፈችው የቤተሰብ ፎቶ ትዊተር ላይ ወጣ። ማንም ሀክ አላደረገውም፤ ፎቶው ላይ ታግ የተደረገችው የሌላዋ እህቷ ጓደኛ የሆነች ሴት በገጿ ላይ ስለመጣላት አጋራችው። የፌስቡክን አሠራር ከውስጥ የምታውቀው ራንዲ እንኳ ታግ የተመልካቹን ክልል እንደሚያሰፋ አላስተዋለችም።

ስለዚህ ቁልፍ ሰባሪ አፕ ከመፍራት ይልቅ የጓደኞቻችሁን ዝርዝር አጥሩ፣ ታግ ያለፈቃዳችሁ በገጻችሁ ላይ እንዳይወጣ አድርጉ፣ የማትጠቀሙባቸውን አፖች ፈቃድ ሰርዙ። ፓስወርዳችሁን ለ«ከፋች» አፕ ሰጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። የፈቀዳችሁለት ሰው ስክሪንሾት እንዳያነሳ ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ቅንብር ግን የለምና፣ ቢወጣ የሚጎዳችሁን ፎቶ አትለጥፉ።